ለምርጫ የተተከለው የለቅሶ ድንኳን

አባዬ የኔ፣

ከተለየኸን ስምንት ወር ሆነ። እማዬ ጥቁሯን ገና አላወለቀችም። በርበሬ በረንዳ ያለውን ሱቅ እሷ ይዛዋለች፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ አግዛታለሁ። ደንበኞችህ ዛላውን እያገላበጡ አሁንም ስላንተ ያወራሉ።

ሌላው ወሬ ምርጫ መድረሱ ነው። አቤት የሰዉ አነጋገር! ሰሞኑን ተወዳዳሪው ሁሉ ወይ ድልድይ ነው ወይ ንስር፤ ሰው የሆነ ጠፋ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ ታደሰም በግላቸው ሊወዳደሩ ተመዝግበዋል። ታውቃቸው የለ፣ ሰላምታቸው ራሱ መግቢያና መደምደሚያ አለው። አንተ አባባል የምትሰበስብበትን ደብተር ለቅስቀሳ አውሺኝ ብለው መጡ። «የአባትሽ ነገር እኮ አፍ ላይ ይጣፍጣል!» እማዬ ስጫቸው አለችኝ፤ ቀብርህን ላይ ታች ብለው ያስፈጸሙት እሳቸው ናቸው። እኔ ግን ቃልህ በሞንታርቦ ሲጮህ ታየኝና «ፈልጌ አጣሁት» ብዬ ዋሸሁ።

ቅዳሜ ስብሰባ ጠሩ። አዳራሽ ስላልተገኘ የእድሩን ድንኳን አስተከሉ። አስበው እንግዲህ፣ ያንተን ለቅሶ የተቀመጥንበትን! ጋሼ ማይክ ጨብጠው «እኔ የዚህ ሰፈር ዋርካ ነኝ» ከማለታቸው፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ድንኳኑን አይተው ለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች ደረት እየመቱ ተከተሉ።

«ኧረ ማነው የሞተው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ዋርካው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። የማን እንደሆነ አትጠይቀኝ።

ሳቁ ሲበርድ ጋሼ ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ክረምት በመጣ ቁጥር የቦዩ ውሃ ቤታችን ይገባል። ብመረጥ መጀመሪያ የምጨቀጭቀው ስለሱ ነው» አሉ። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። ጭብጨባው ያኔ ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ።

ሲወጡ ጠብቄ ደብተሩ እኔ ጋ እንዳለ ነገርኳቸው። ጆሮዬን ያዝ አድርገው «ያዥው፣ አንቺ ቀጣፊ! በሱ አፍ ስናገር ሰው እኔን መች ይሰማኛል?» አሉኝ።

አሁን ባዶዎቹ ገጾች ላይ እየጻፍኩ ነው፤ አባባል ሳይሆን አንተን። በቀብርህ ቀን የሕይወት ታሪክህ ሲነበብ «ምሰሶ» ብለውህ ነበር። ምሰሶ ግን አያስነጥስም። አንተ ዕድሜህን ሙሉ በርበሬ ሸጠህ በርበሬ አልለምድህ ብሎ፣ ጆንያ በተፈታ ቁጥር ሰባት ጊዜ ታስነጥስ ነበር። ሲኒማ ራስ ታክሲ ስንጠብቅ ለእናቶች ሁሉ ወረፋችንን እየለቀቅህ ስንቴ አስረፍደኸኛል! እሱንም ጽፌዋለሁ። የረሳሁትን እማዬን እየጠየቅሁ እሞላለሁ፤ ገጹ ሲያልቅ ሌላ ደብተር እገዛለሁ እንጂ አንተን አላሳጥርህም።

ልጅህ ሜሮን