ስለ ብርቱካናማው ተለጣፊዎና ስለ ሲልቪያ ጠመንጃ

ለተከበሩ አቶ ብራድሊ ዊትኮም፣
የሰሜን ቀጣና የዕቃ ማድረስ ሥራ አስኪያጅ
(የድርጅትዎን ስም እንድተወው የጋዜጣችን አዘጋጅ ለምኖኛል፤ ማስታወቂያችሁ በየሳምንቱ አራተኛው ገጽ ላይ ስለሚወጣ ነው።)

ክቡር ሆይ፣

ይህች ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቢሮዎን በሙሉ ሙቀት፣ የጭነት መኪኖችዎንም ጎማቸው ሳይተነፍስ ታገኛቸው ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በሚቺጋን ያለነው የሂርቪላ ሰዎች ደህና ነን። በረዶው ከቁርጭምጭሚት አልፏል፣ ሐይቁም ዳር ዳሩን መጋገር ጀምሯል። ከአንድ ሰው በቀር ሁላችንም የአደን ወቅታችንን በሰላም ጀምረናል፤ ስለዚያ አንድ ሰው ነው የምጽፍልዎ።

እኔ ኢርማ ካንጋስ እባላለሁ። በዋናው መንገድ ላይ ሚስማር፣ ቀለምና የበረዶ አካፋ እሸጣለሁ፤ ከኋላ በኩል ባለው ባንኮኒ ደግሞ ባሌ ረይኖ ካረፈ ወዲህ ፈቃዱን በስሜ አውጥቼ ጠመንጃ እነግዳለሁ። የአካባቢያችን ሰው ከሌላ ክፍለ ሀገር ጠመንጃ ሲገዛ ወይም ሩቅ ልኮ ሲያስጠግን፣ ዕቃው ሄዶ የሚመጣው በእኔ እጅ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ የሚቀድም አንድ ደንብ አለ፤ ጠመንጃ የያዘ ካርቶን ከውጭ ሲያዩት ጠመንጃ መያዙን አይናገርም። ጽሑፍ አይኖርበትም፣ ሥዕል አይኖርበትም፣ የሠሪው ፋብሪካ ስም አይኖርበትም። ሕጉ ይህን ይላል፤ የድርጅትዎም መመሪያ ይህንኑ ይላል። ምክንያቱም እንደ እኔ ላለ ተራ ሰው እንኳ ግልጽ ነው፤ መንገድ ላይ የሚያልፈው ሁሉ መንገደኛ ብቻ አይደለምና።

እርስዎ ግን ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ከአንድ የደኅንነት ስብሰባ ተመልሰው፣ ይህን ለዓመታት ሳይነገር የቆየ ምስጢር በአደባባይ ለመግለጥ ድፍረቱን አገኙ። ስለዚህም ምስጋናዬንና ጥቂት አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተለጣፊው ራሱ። ብርቱካናማ ነው፣ የእራት ሳህን ያህላል፣ ከመንገዱ ማዶ ይነበባል። «ጥንቃቄ፦ የጦር መሣሪያ» ከሚለው ጽሑፍ በላይ የጠመንጃ ሥዕል ማኖርዎ፣ ማንበብ የማይችለው ሌባ እንኳ እንዳይቸገር ያሰበ፣ ማንንም ወደኋላ የማይተው አሠራር በመሆኑ ሳላመሰግንዎ አላልፍም።

ሁለተኛ፣ ሠራተኞችዎ ጠመንጃውን ከሌላው ዕቃ የሚለዩበት ጥበብ። ካርቶኑ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ጠመንጃ ነው። ረጅም ባይሆንም «አዋቂ ሰው ይፈርም» የሚል ካለበት ጠመንጃ ነው። በዚህ ሚዛን የሉተራን ቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ለአዳራሹ ያዘዙት የመጋረጃ ዘንግ ጠመንጃ ሆኗል። የፓስተር ሳሎ የቁርባን ወይንም ጠመንጃ ሆኗል። ዳሌዋን የተጠገነችው ወይዘሮ ሂልያ ማኪ ያዘዘችው ክራንች ተለጣፊው ተለጥፎበት ደጇ ሲደርስ፣ ጎረቤቷ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ «ሂልያ፣ ደግሞ ማንን ልትመቺ ነው?» ቢላት፣ «በየጠዋቱ ደጄን የሚያበላሸውን ውሻህን፤ ባላገኘው ባለቤቱን» አለችው። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ ውሻውን በገመድ ይዞ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ ተለጣፊዎ ምንም ጥቅም አልሰጠም ብዬ ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል።

ሦስተኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው አልቻልኩም፤ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ታሪኩን ከመነሻው እንድነግርዎ ይፍቀዱልኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ዋይኖ ላምፒነን የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ሽማግሌ ይኖራሉ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሲልቪያ፣ ኖቬምበር አሥራ አምስት በመጣ ቁጥር፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ አገሩ በሙሉ ጫካ በሚገባበት በዚያ ቀን፣ ጎን ለጎን በተሠሩ ሁለት የማድፈጫ ዳሶች ተቀምጠው አጋዘን ሲጠብቁ ነው ያረጁት። በሚስቱ ፊት ተኩሶ ስቶ የሚያውቅ ባል ሁሉ ቀልዱን ያውቃል፤ ሲልቪያ ስታ አታውቅም፣ ዋይኖ ግን ብዙ ጊዜ ስተዋል፣ ይህንንም ሥጋና ድንች የታጨቀበትን ፓስቲዋን እየገመጠች ለአገሩ ስታወራ ነው የኖረችው። በፀደይ አረፈች። ሽማግሌው በበጋው አጋማሽ ጠመንጃዋን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ። ሲልቪያ አጭር ሴት ስለነበረች ሰደፉ ለእሳቸው ክንድ አይበቃም። «ኢርማ፣ እንጨት አስቀጥለሽ አስረዝሚልኝ። ዘንድሮ በእሷ ዳስ ቁጭ ብዬ በእሷው ጠመንጃ ነው የምተኩሰው፤ ልሳት እንኳ በራሷ መሣሪያ ልሳት» አሉኝ። ማንገቻውን ግን ፈተው አስቀሩት፤ ቆዳው የትከሻዋን ቅርጽ እንደያዘ ነበር።

ጠመንጃውን ዊስኮንሲን ላለው ጠጋኝ ለአቶ ኦርሊን ፍሬድሪክሰን ላክሁት። ኦርሊን ሙያውን የሚያከብር ሰው ነው። ሰደፉን የቀጠለው ቀለሙ ከጥንቱ በማይለይ የዋልነት እንጨት ነበር፤ ሲጨርስ አፈሙዙን ከሰደፉ ፈትቶ፣ እንደ ደንቡ ምንም በሌለበት አጭር ካርቶን አሽጎ ላከልኝ። ያችን ካርቶን ያየ ሰው ድስት ነው ይላል እንጂ ጠመንጃ አይልም። ወደ እናንተ ጓዳ ስትገባ ግን «አዋቂ ሰው ይፈርም» የሚለው ተነበበባትና ብርቱካናማው ማዕረግ ተሰጣት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ደረስኩ። ከሂልያ ክራንች በኋላ እርስዎ ለደኅንነት ሲባል ተለጣፊ ያለበት ዕቃ ሁሉ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጓዝ፣ ይልቁንም በከተማችን ወኪላችሁ በሆነው ነዳጅ ማደያ ተሰብስቦ ባለቤቱን እንዲጠብቅ አዘዋል። መደርደሪያው ስለሞላ ካርቶኖቹ የተደረደሩት በመስኮቱ ሥር፣ ተለጣፊያቸው ወደ አውራ ጎዳናው እንደዞረ ነው። ያ ሳምንት ደግሞ ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣ አዳኝ ሁሉ ነዳጅ የሚቀዳው እዚያ የሆነበት ሳምንት ነበር።

የአደኑ መክፈቻ ዋዜማ ሳይደርስ ልወስደው ሄድኩ። ካርቶኑን በዐይኔ አየሁት፤ የእኔ ሱቅ አድራሻና የዋይኖ ስም ተጽፎበታል። ፈቃዴን አሳየሁ፣ መታወቂያዬን አሳየሁ፣ የወተት ጥርሷ ሲወልቅ ጀምሮ የማውቃት የማደያው ሠራተኛ ታሚም በጣም አዘነችልኝ። «ኢርሚዬ፣ እኔማ ብሰጥሽ ደስ ባለኝ። ግን ስቲከር ያለበትን ከኃላፊያችን ከዋልተር በቀር ማንም እንዳይነካ ተብሏል፤ ዋልተር ደግሞ ትናንት ለአደን ጫካ ገብቷል። ስልክም አይሠራም እዚያ» አለችኝ። መቼ ይመለሳል ብላት፣ «እንግዲህ ወይ አጋዘን ሲያገኝ፣ ወይ ቢራው ሲያልቅ ነዋ» አለች። በዚህ አገር በዚያ ሳምንት ሥልጣንን ለአንድ አዳኝ ብቻ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ አንዱን ጠይቀው ቢሆን ኖሮ፣ በነጻ እንነግርዎ ነበር።

በዚያው ሌሊት መስኮቱ ተሰበረ። ቸኮሌቱንና ሲጋራውን የነካ የለም፤ ተለጣፊ ያለባቸው ብቻ ተወሰዱ። ሌባው ያለ ድካም እንዲመርጥ ማን እንዳገዘው ለመገመት ሸሪፍ መሆን አያስፈልግም። የመጋረጃዎቹ ዘንጎች ተጣመው በቦይ ውስጥ ተገኙ፣ የፓስተሩ ወይን ጠርሙሶች ደግሞ ተጨልጠው። የሲልቪያ ጠመንጃ አልተገኘም።

ለዋይኖ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሸሪፉ እነግራቸዋለሁ ቢለኝም እምቢ አልኩ፤ ከእኔ እጅ ነውና የሄደው። ወጥ ቤታቸው ተቀምጠው ሰሙኝ፣ አልተቆጡም፣ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እሷ እኮ ዕቃዋን ለሰው አበድራ አታውቅም» አሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ምድጃው ላይ እንጨት ጨመሩ። አቶ ዊትኮም፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ልተውና ልንገርዎ፤ ከዚያ ቤት ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

አራተኛው አቤቱታዬ ግን እንባዬን አድርቆልኛል። የካሳ ጥያቄ አቅርቤ የደረሰኝ መልስ፣ ጥያቄው ውድቅ የሆነው «የጥቅሉ የውጭ ክፍል ይዘቱን የሚገልጽ ምልክት ስላለበት፣ ይህም ከመመሪያችን ጋር ስለሚቃረን» መሆኑን፣ ጥፋቱም የላኪው መሆኑን ያስረዳል። ለማስረጃም ፎቶግራፍ ተያይዞለታል። በፎቶግራፉ ላይ የሚታየው ምልክት፣ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎ ብርቱካናማ ተለጣፊ ነው። ሰው እጅ ከፍንጅ ሲያዝ አይቻለሁ፤ ራሱን እጅ ከፍንጅ ይዞ ሌላውን የሚከስ ሲገጥመኝ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ደውዬ ይህንኑ ባስረዳ፣ አንድ ትሑት ወጣት «እመቤት፣ ተለጣፊውን ላኪው እንዲያነሣው ይጠበቅበት ነበር» አለኝ። ላኪው ዊስኮንሲን ነው፤ ተለጣፊው የተለጠፈው ሚቺጋን ነው፤ ክንዱ ይህን ያህል ይረዝም እንደሆነ ኦርሊንን እጠይቀዋለሁ። አባቶች «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ያሉት እናንተን ሳያዩ ነው፤ እናንተ ሁለቱን በአንድ ካርቶን ላይ አሟልታችኋል።

በማደያው አሁን ካሜራ መተከሉን ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ነውር ስለሚሆንብኝ፣ እንኳን ደስ አላችሁ ብቻ እላለሁ።

የመክፈቻው ዕለት ጠዋት ከራሴ መደርደሪያ ጥሩ ጠመንጃ ይዤ ዋይኖ ቤት ሄድኩ። አመስግነው መለሱልኝ። ብርቱካናማ ሰደርያቸውን ለበሱ፣ ፓስቲና ቴርሞስ ያዙ፣ የሲልቪያንም ማንገቻ ባዶውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ወደ ጫካው ገቡ። ቀኑን ሙሉ በእሷ ዳስ ተቀመጡ። ሲመለሱ አጋዘን መጥቶ እንደነበር ጠየቅኋቸው። «መጣች እንጂ። ቆማ አየችኝ፣ አየኋት። ሲልቪያ ብትኖር ዘንድሮም ሳተ ብላ ታወራብኝ ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም ከሚመጣው ዓመት ላይደርሱ እንደሚችሉ፣ ዝናብ ይመጣል እንደሚባለው ያህል፣ እንዲያው በዋዛ ነገሩኝ።

እንግዲህ ክቡርነትዎን የምለምነው ብዙ አይደለም። ካሳውን ለጊዜው ይተዉት። ተለጣፊዎቹን ሰብስበው ያቃጥሉ፤ ኦርሊን ጥፋተኛ ነው የሚለውን ደብዳቤ ይሻሩ፤ ከዚያም በሞቀው መኪናዎ ወደ ሂርቪላ መጥተው ከዋይኖ ላምፒነን ወጥ ቤት ተቀምጠው፣ ጠመንጃዋ የት እንደደረሰ እንደማያውቁ በአፍዎ ይንገሯቸው። እኔ ይህን አድርጌዋለሁ። ይከብዳል እንጂ አይገድልም።

ለሠራተኞችዎ ትጋት፣ ለተለጣፊዎ ድምቀት፣ ለመልስዎም ፍጥነት ያለኝን የማይናወጥ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ካርቶን በተሸከምኩ ቁጥር ከማስታውስዎ ከእኔ፣

አክባሪዎ ኢርማ ካንጋስ
የሚስማር፣ የቀለምና (ከውጭ ሲያዩት የማይታወቅ) የሌላም ዕቃ ነጋዴ፣ ሂርቪላ

ማሳሰቢያ፦ ደጉ ሾፌራችሁ የተለጣፊዎን ግማሽ ጥቅል ባንኮኒዬ ላይ ረስቶት ስለሄደ፣ ሀብትዎን ልመልስልዎ ብዬ በዚህ ሳምንት አንድ ረጅም ካርቶን ወደ መኖሪያ ቤትዎ ልኬያለሁ። በውስጡ የቀሩት ተለጣፊዎችና የሉተራን ሴቶቻችን ያበረከቱት አንድ የተጣመመ የመጋረጃ ዘንግ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ከውጭ ግን በአራቱም ጎን የራስዎን ተለጣፊ ለጥፌበታለሁ። በእርስዎ ሰፈር እንደ እኛ የሚሰበሰብበት ማደያ የለምና፣ ሾፌሮችዎ እንደ ልማዳቸው ደጃፍዎ ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። እርስዎ ዘንግ መሆኑን አሁን ያውቃሉ፤ በመንገድዎ የሚያልፈው ሰው ግን ይህን ጋዜጣ አያነብ ይሆናል። ሳይመሽ ቢያስገቡት መልካም ነው።