ጎርፍ ያገታቸው ሽማግሌዎች

እሑድ፣ ሐምሌ 20

ዝናቡ ከትናንት ጀምሮ አላባራም። ዛሬ ልጄን ማህሌትን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቀጠሮ ነበራቸው። በዚህ ዝናብ እኛ ሰፈር ቡልቡላ ድረስ ማን ይመጣል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ሦስቱም መጡ! ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው። እነሱ ገና ከመግባታቸው የታችኛው መንገድ ወንዝ ሆነ፤ ሱቆቹም ውሃ ገባባቸው። ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው።

ባለቤቴ ተሾመ ሊያገባት የሚፈልገውን ልጅ ብዙም አልወደደውም። ሳምንቱን ሙሉ "ሌላ ቀን ተመለሱ ብዬ ነው የምሸኛቸው" ሲል ከረመ። እንደፎከረውም አላቸው። ትልቁ ሽማግሌ አቶ በቀለ በመስኮት ወደ ውጭ አዩና፣ "መመለሱንስ እንመለሳለን ጌታዬ፤ ግን በየት በኩል እንሂድ?" አሉት። ሳቄ ሲያመልጠኝ ጓዳ ገባሁ።

ብርዱ ሲያንቀጠቅጣቸው ጊዜ የተሾመን ሱሪዎች አውጥቼ ሰጠኋቸው። የገዛ ሱሪውን ለብሰው ፊቱ የተቀመጡ ሰዎችን እንዴት ብሎ ይኮሳተርባቸው? ምሳ አብረን በላን። ውሃው አልጎድል ሲል ተሾመም ቀስ በቀስ ስለ ልጁ ሥራ፣ ስለ እናቱ ይጠይቅ ጀመር። አቶ በቀለም አልቸኮሉም፤ አንድ በአንድ መለሱለት።

አመሻሽ ላይ ጎርፉ ሲቀንስ እስከ በር ሸኛቸውና፣ "ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም፣ በሚመጣው እሑድ ልጁን ራሱን ይዛችሁት ኑ" አላቸው።

እሺ ማለቱ ይሁን አይሁን እሱ ያውቃል። ማህሌት ግን ይኸው፣ ደጁን የሞላውን ጭቃ የሠርግ ዘፈን እያንጎራጎረች ትጠርጋለች።