በጂኤችቲ የሚያልቁ ሃያ ቃላት

ጥር 4

እህቴ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ተማሪ ሆና ተቀመጠች።

ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ሳትነግረኝ ቅዳሜ ከሰዓት የማስተምረው የጎልማሶች ክፍል ተመዘገበች፤ ስምንተኛ ልትፈተን። በር ላይ ያዘችኝና፣ «ቀጮ፣ እህቴ ናት እንዳትል። እኔም መምህር ነው የምልህ። አድልቶላት አሳለፋት እንዳይሉህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ አለኝ?

ጥር 11

ሃያ የእንግሊዝኛ ቃላት ሰጠሁ። ሁሉም በጂ፣ ኤች፣ ቲ የሚያልቁ። ናይት ሌሊት፣ ላይት ብርሃን፣ ታይት ጠባብ፣ ቦት ገዛ፣ ቶት አስተማረ... ጂና ኤች ይጻፋሉ እንጂ አይነበቡም አልኩ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ዘበኛው፣ «ቆመው ደመወዝ የሚበሉ ናቸዋ፣ እንደኔ!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ አፏን በእጇ ሸፍና።

ለሚቀጥለው ሳምንት በቃላችሁ ያዙ አልኩ። ደንቤ የታወቀ ነው። ተጠያቂው ጀርባውን ለሰሌዳው ሰጥቶ ይቆማል። ሦስት የሳተ ትምህርቱ እስኪያልቅ እንደቆመ ይቀራል። ትልቅ ሰው ነው ብዬ አልምርም።

ጥር 15

ደወልኩላት። ማሽኑ ይጮኻል፤ እየጮኸች ነው የምታወራው።

«እያጠናሽ ነው?»

«አንድ አንሶላ ሳጥፍ አንድ ቃል። ናይት ሌሊት፣ ላይት ብርሃን... ሃያኛው ላይ ስደርስ እንደገና ከላይ። እዚህ ያሉት ሁሉ ያዙት እኮ! ታይት ጠባብ፣ እንደ አለቃችን ሱሪ።»

በዜማ ነው የምትለው። የማባዛት ሰንጠረዥንም እንደዚያ ነበር የያዘችው።

ጥር 18

ሳንጀምር ዘበኛው፣ «መምህር፣ ሴትዮዋ ዘመድዎ ናት እንዴ? አፍንጫችሁ አንድ ነው» አለኝ። እሷ ሁለት ወንበር አልፋ ተቀምጣለች። ዝም ብል ይበቃ ነበር። «ከየት አመጣኸው? አላውቃትም» አልኩ።

ከዚያ መጀመሪያ ያስነሳሁት እሷን ነው። ከመሃል ጠየቅኳት። ከታች ጠየቅኳት። በተርታ እንደያዘችው እያወቅኩ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ... ከናይት ተነስታ ወደጠየቅኳት ቃል ለመድረስ እየሮጠች። አላስጨረስኳትም። «ሦስት» አልኩ።

አርባ ደቂቃ ቆመች። ጉልበቷን ያማታል። ሌላውን እንደዚያ እጠይቅ ነበር? አልጠይቅም።

ስትወጣ፣ «አመሰግናለሁ፣ መምህር» አለች። አጠገባችን ማንም አልነበረም።

ጥር 19

አልደወልኩም።

እናታችን አልጋ ስትይዝ ከሁለት አንዳችን ቤት መቅረት ነበረብን። እሷ ቀረች። ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም። እኔም አልጠየቅኳትም።

ጥር 25

አልመጣችም። ከጎኗ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊዋ በእህቴ ወንበር ላይ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

የካቲት 2

ዛሬም የለችም። ለክፍሉ ተናገርኩ። «ያቺ ሴትዮ ታላቅ እህቴ ናት።» ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር...

ዘበኛው፣ «እሱንማ መቼ አጣነው! እሷ በሌለችበት ለኛ ቢነግሩን ምን ይረባታል?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ከደብተሯ ቀና ሳትል፣ «እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች።

ዞሬ አዲሶቹን ቃላት መጻፍ ጀመርኩ። ስንቱን እንደጻፍኩ አላውቅም። ማንም አልገለበጠም።

የካቲት 4

የፈተና ምዝገባ ዓርብ ያበቃል። ልብስ ሰፊዋ የእህቴ ጎረቤት ናት፤ ቅጹን በእሷ ላክሁ። ራሴ መውሰድ አቅቶኝ? አዎ፣ አቅቶኝ።

የካቲት 6

ቅጹ ተመለሰ። ስሟን ሞልታለች፤ ፊርማ የለም።

«ምን አለች?» አልኳት ልብስ ሰፊዋን።

«ጉልበቴን አሞኛል በይው አለችኝ። ይህን ስትለኝ ግን ቅርጫት ተሸክማ ደረጃ ትወጣ ነበር።»

ሌላ ምን አለች ብዬ አልጠየቅኩም።

የካቲት 8

ዓርብ። የፈተና ጽሕፈት ቤት። አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል።

ይዤ የመጣሁት አሥራ ዘጠኝ ቅጽ ነው። ጸሐፊዋ እያገላበጠች፣ «ይቺ ፊርማ የላትም» አለች። አየት አደረገችኝ። «ይፈርሙላታ! ማን ያያል? ሁሉም መምህር ያደርገዋል።»

እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ፊርማዋን አውቀዋለሁ፤ የልጅነት የውጤት ካርዴን በእናታችን ፈንታ የምትፈርመው እሷ ነበረች። አንዲት ክብና አንዲት ጭረት። ቅጹ ላይ እጄን አሳረፍኩ... አሁንም ሳትጠየቅ? እስክሪብቶውን መለስኩ፤ ቅጹን ያዝኩ።

የአሥራ ስምንቱን ማኅተም ልታስመታ ውስጥ ገብታለች። «ደረሰኙን ሳይቀበሉ እንዳይሄዱ» ብላኛለች።

እጥበት ክፍሉ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። ፈረቃዋ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ጓደኞቿ ሁሉ ይኖራሉ። ያደረግኩባትን እዚያው እነሱ ፊት ነው የምነግራት። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ብታባርረኝስ? ታባርረኝ። ቅጹ ግን በእጇ ይሁን፤ ብትፈርምም፣ ብትቀደውም።

«መምህር፣ የት ነዎት? እዚህ ጋ ቀን አልጻፉም!» እያለች ነው ከውስጥ።

ወጣሁ።