አባቴን ከተማ ላደረገው ፕሮግራም የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ኃይለጊዮርጊስ ባየ
የቡና መሸኛ ጽሕፈት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ
ሸኮ፣ ጥር 2004 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ መላው ቤተሰብዎም፣ በተለይ ደግሞ በገዛ እጅዎ የጻፉት ያ የመሸኛ ፕሮግራም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ምኞቴ ነው። እኔ ከቡናዬ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ይሄይስ ገሠሠ ሲሆን ቡና አቅራቢ ነኝ። ጭነት ኬላ እንዲያልፍ የሚፈቅደው፣ በእጅ ይጻፍ የነበረው መሸኛ በኮምፒውተር ሲተካ ከተደሰቱት አንዱ ነበርኩ። ሠራተኛዋ ወይዘሮ አጸደ በጥቁሩ ስክሪን ላይ የፕሮግራሙን ስም፣ ከዚያም በዚያው መስመር ስሜን፣ መነሻዬን፣ መድረሻዬንና የጭነቱን ዓይነት ጽፋ ስትጨርስ «በትክክል ተጠናቋል» የሚል መልስ ወዲያው ሲመጣ፣ ሥልጣኔ በራችን ድረስ የመጣ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ሟቹ አባቴ አመሰግናለሁ። ፕሮግራምዎ በክፍት ቦታ የተለየን እያንዳንዱን ቃል ራሱን እንደቻለ ነገር ስለሚቆጥር፣ ባለንብረቱን «ይሄይስ»፣ መነሻውን «ገሠሠ»፣ መድረሻውን «ሸኮ»፣ የጭነቱን ዓይነት «ቴፒ» አድርጎ አትሞልኛል፤ ተርፎ የቀረውን «ጀንፈል» የሚለውን ቃል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀውን ቡናዬን፣ ደግሞ ለማንም ሳይናገር ጥሎታል። ቡናዬን ከሸኮ ወደ ቴፒ የምወስደው ሰው፣ በወረቀቱ መሠረት የቴፒን ከተማ ከነነዋሪዋ በአይሱዙ ጭኜ፣ ገሠሠ ከሚባል ከተማ ወደ ሸኮ እየተጓዝኩ ነበር። የኬላው ጥበቃ ገሠሠ የት እንደሚገኝ ሲጠይቀኝ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ማረፉን ነገርኩት፤ እንዳሾፍኩበት ቆጥሮ መኪናውን አስቆመው።

፪ኛ. ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ጭነቴን በዝናብ ትቼ ተመልሼ ስህተቱን ሳስረዳዎ፣ «ፕሮግራሙ አልተሳሳተም፤ የበዛው የእርስዎ ስም ነው» ሲሉ መለሱልኝ። ከዚያም እኔና አባቴ ያለ ክፍተት ተጣብቀን እንድንጻፍ አዘዙ። «ይሄይስገሠሠ» የተባለው ሰው ኬላ ሲደርስ ግን መታወቂያው የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ።

፫ኛ. ስለ ዕውቀትዎ። ለሦስተኛ ጊዜ ስመጣ፣ ስሙ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ከገባ ሁለቱም ቃላት እንደ አንድ እንደሚቆጠሩ ገለጹልኝ፤ ለወይዘሮ አጸደ ቀድሞ ለምን እንዳልተነገራት ስጠይቅም ማንም የሚያውቀው ነገር ነው አሉ። ማንም የሚያውቀውን እኛ ስናውቅ ጆንያዎቹ ከሸራው ሥር እርጥበት ጠጥተው ነበር።

ክቡርነትዎ ይፍቀዱልኝና ተናድጃለሁ። በከተማችን ሻይ ቤት አራት ሆነን ተቀምጠን አምስት ሻይ ብናዝዝ፣ አስተናጋጇ ማሚት አምስተኛው የማን እንደሆነ ሳትጠይቅ አታልፍም። አራት ቃል የሚጠብቀው ፕሮግራምዎ አምስት ሲደርሰው ግን አንዱን ጥሎ «በትክክል ተጠናቋል» ይላል። እባክዎ መጠየቅን ያስተምሩት። ማን በየትኛው ተራ እንደሚጻፍ የሚያስረዳ አንድ መስመርም ይጨምሩለት፤ በዚህ አገር አባት የሌለው ስም ይዞ ቢሮ የሚመጣ ሰው የለምና።

ሦስተኛው መሸኛ እንከን አልነበረበትም። ቴፒ የሚገኙት ገዢዬ አቶ ሳዲቅ ወረቀቱን አይተው አመሰገኑ፣ ከዚያም እጃቸውን ጆንያው ውስጥ ከትተው አሸተቱና ጭነቱን ሳያራግፉ መለሱት። ባለቤቴ ማናልሞሽ ያን ቡና ወቅቱን ሙሉ በማድረቂያው አልጋ ላይ ስታገላብጥ ከርማለች። ዜናውን ከነገርኳት ወዲህ ዓይኗን ማየት ከብዶኛል።

እርስዎን በመሰለ ባለሙያ የመገልገል ዕድል የገጠመኝ፣ በወረቀት ላይ የአንድ ከተማ ልጅ የሆንኩት፣ አክባሪዎ

ይሄይስ ገሠሠ (ክፍት ቦታው ሆን ተብሎ የተተወ ነው)

ማስታወሻ፦ ያንኑ ጭነት ከቴፒ ወደ ቤቴ ለመመለስ ሸኮ መጥቼ መሸኛ ስጠይቅ፣ ወይዘሮ አጸደ ስሜን በጥንቃቄ በጥቅስ ውስጥ አስገብታ የጭነቱን ዓይነት «የሻገተ ቡና» ብላ ጻፈች። ፕሮግራምዎ «የሻገተ» የሚለውን ተቀብሎ ቡናውን ጣለው። እስካሁን ከሰጠኝ ወረቀት ሁሉ ይበልጥ እውነቱን የጻፈው በዚህኛው ነው።