የትንኟ ፓውዛ

ውድ ናጅዋ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ደህና ነሽ ወይ ብዬ አላስመስልም፤ ደህንነትሽን ከእናትሽ ከእትዬ ሐቢባ ሰምቻለሁ። የማጀቴ አገር ተስማምቶሻል፣ ባልሽም ደግ ሰው ነው አሉኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ስልክሽ ላይ ሦስቴ ደውዬ ገና ሳይጠራ ዘግቼዋለሁ። አፌን ታውቂው የለ? በስልክ ቢሆን ዋናውን ነገር ትቼ ስለ ሙቀቱ ሳወራሽ ካርዴ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ይኸው፣ ወረቀት ያዝኩ።

ባለፈው ሳምንት መብራት ልገዛ መርካቶ ሄጄ ነበር። ከመሄዴ በፊት ምን እንዳደረግሁ ብነግርሽ ትስቂያለሽ። ግራ እጄን ሒና ተቀባሁ! ባለሱቁ "ሙሽራ ነሽ እንዴ?" አለኝ። እኔ መብራቱ በበራ ቁጥር እጄን ከፊቱ ዘርግቼ አያለሁ፣ ልክ እንዳንቺ። መጀመሪያ አብረን የሄድን ቀን ትዝ ይልሻል? ሻጩ መብራቱን ሁሉ ወደ ጣሪያው እያዞረ ሲያስጎመጀን፣ አንቺ ሒና ያለበት እጅሽን ደቅነሽ "ወንድሜ፣ እኛ የምናበራው ጣሪያ አይደለም፣ ሰው ነው" አልሽው። ሒናው ቀላ ብሎ ከታየ ይገዛል፣ ከጠቆረ ይቀራል። እኔ በሆዴ "ይቺ ልጅ ዛሬ ልታዋርደኝ ነው" እል ነበር።

ወይ ጊዜ! የዳስ መብራት ሥራውን የጀመርነው እናቴ በሞተች በዓመቱ ነበር። ሸዋ ሮቢት ውስጥ መብራት የሚሰቅሉት ወንዶች ናቸው፤ የሴቶቹ ዳስ ውስጥ ደግሞ ወንድ አይገባም። ሙሽራዋ ሳትመጣ አንድ ነጭ ፍሎረሰንት ለኩሰው ይወጣሉ፣ ያገሩ ሙሽራ ሁሉ በሠርጓ ቀን ወባ የያዛት ትመስላለች። እኛ አራት ፓር የሚሉትን ቢጫ መብራት፣ አንድ መሰላልና አንድ አሮጌ ፓውዛ ይዘን መጣን። አንቺ ላይ፣ እኔ ታች። ከፍታ ስለምፈራ መሰላሉን ይዤ "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ስል፣ አንቺ ከላይ ሆነሽ "ዱዓውን ቀነስ፣ መሰላሉን ጠበቅ!" ትይኝ ነበር። ሁለት ቢጫ ከግራና ከቀኝ በሙሽራዋ ፊት ልክ፣ አንዱ ከኋላዋ ለቬሎው፣ አንዱ ድቤ ለሚመቱት። እናቶች ሙሽራዋን አይተው እልል ሲሉ አንቺ ክንዴን ትቆነጥጪኝ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ፓውዛዋን ግን ወደ ሰው አዙረናት አናውቅም። ከዳሱ ርቃ፣ ወደ ሽንኩርቱ ማሳ ዞራ ትሰቀል ነበር። የቆላ ትንኝ ነጭ ብርሃን ካየ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ነው የሚመጣው። እሷ ወደዚያ ትጠራዋለች፣ ሙሽራዋና ምግቡ ሰላም ያመሻሉ። ከአባትሽ የተማርሽው ነው፤ መስኖ ሲያጠጡ ፋኖሱን አርቀው ያስቀምጡት ነበር።

ከዚያ የእህትሽ የዙልፋ ሠርግ መጣ። አንቺ ጀውሃ፣ እናትሽ ቤት፣ በድግሱ ተወጥረሽ ስለነበር መርካቶ ብቻዬን ሄድኩ። ቢጫ ፓር ጨምሪ ብለሽ ላክሽኝ፤ እኔ አራት ሙቪንግ የሚሉትን ተሽከርካሪ መብራት ይዤ መጣሁ። ምን ላድርግ፣ ሻጩ ጨለማ ክፍል አስገብቶ ጣሪያው ላይ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲያዞርልኝ፣ ልቤም አብሮ ዞረ። እጄን እንኳ አልዘረጋሁም። ስታዪው፣ "ፌሪ፣ ይሄ የአዳራሽ ነው። የኛ ዳስ ሸራው ራስ ይነካል፤ ጨረሩ ሰው ዓይን ውስጥ ነው የሚገባው" አልሽኝ። እኔ ምን አልኩሽ? "አንቺ ገጠሬ ነሽ፣ ዘመን አይገባሽም።" ምላሴ ይቆረጥ።

አሁን የምጽፍልሽን ለሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ያን ዕለት ከመግሪብ በኋላ ዲቫይደሩ ሞላና አራተኛው ሙቪንግ መሰኪያ አጣ። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፣ ሰው የለም። የፓውዛዋን ሶኬት ነቀልኩና ሙቪንጉን ሰካሁ። እኔ ነኝ የነቀልኳት፣ ናጅዋ።

ጉዱን አንቺም ነበርሽበት። ትንኙ ማሳውን ትቶ ዳሱን ሞላው፤ ሩዙ ላይ፣ ወጡ ላይ፣ ቬሎው ላይ። ዙልፋ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጥቁር በመሰለ የሒና እጇ ዓይኗን ከልላ አለቀሰች። ሴቶቹ ልጆቻቸውን እያቀፉ ወጡ። አክስትሽ "ፓውዛዋን ማን ረሳት?" ብለው ሲጮኹ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ "ናጅዋ ናት፤ መሰላል የምትወጣው እሷ አይደለች?" አልኩ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። መሰላሉን አጥፈሽ አስቀመጥሽና ወደ እህትሽ ሄድሽ።

ከዚያ ወዲያ አብረን አልሠራንም። በገዛ ዘመዶችሽ አፍ "የእህቷን ሠርግ ያበላሸች" ተብለሽ ቀረሽ፤ በዓመቱ አግብተሽ ማጀቴ ሄድሽ። እኔ መብራቱን መሬት ላይ እያቆምኩ ሠራሁ፤ አንድም ደንበኛ አላጣሁም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እውነት ግን ሦስት ዓመት አደረ። ከሁለት ሳምንት በፊት እናትሽ ደወሉ። "ትንሿ ልጄ ሰሀር ልታገባ ነው፤ ዳሷን አንቺ ታበሪላታለሽ" አሉኝ። በማግስቱ ጀውሃ ወረድኩ። በረንዳው ላይ ሽንኩርት ሲለቅሙ አገኘኋቸው። እንደተቀመጥኩ "እትዬ፣ የዙልፋ ሠርግ ላይ ፓውዛዋን የነቀልኳት እኔ ነኝ። ናጅዋ የለችበትም" ብዬ አለቀስኩ።

ለቀማውን እንኳ አላቆሙም። "አውቃለሁ" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ስትነቅዪ አይታሻለች። መልሳ ልትሰካት ስትመጣ ትንኙ ቀደማት። ያን ዕለት ነገረችኝ። ታዲያ ምነው ዝም አልሽ ብላት፣ 'እማዬ፣ እኔ እናትም እህትም አለኝ፤ ብትቆጡኝ ትታረቁኛላችሁ። ፌሪ ግን ከዚህ ሥራ በቀር ማን አላት? ገመናዋን ሰትሪላት' አለችኝ። እኔም ሰተርኩልሽ። መጥተሽ እስክትነግሪኝ ጠበቅሁሽ፤ ቆየሽ እንጂ።"

ወላሂ፣ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ባንቺ ዝምታ እንጀራ ስበላ ኖሬአለሁ ለካ። የዚያኑ ዕለት አክስትሽንና ዙልፋን አስጠርቼ ፊታቸው ደገምኩት። አክስትሽ ረገሙኝ፣ ኋላ ደግሞ እሳቸውም አለቀሱ። ዙልፋ ግን እስካሁን አላናገረችኝም። እውነቷን ነው።

እና ይኸው፣ ለሰሀር ስድስት ቢጫ ፓር ገዝቻለሁ። ሒናው በብርሃናቸው ሲታይ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የማራገቢያቸውም ድምፅ ድቤውን አይሻማም፤ ጆሮዬን አስጠግቼ አዳምጫለሁ። ሙቪንጎቹን ለአንድ አዳራሽ ሸጥኳቸው። ፓውዛዋንም አቧራዋን ጠርጌ ሞከርኳት፣ ቦግ አለች። መሰላሉን እናትሽ ጓሮ፣ ማንጎው ላይ አስደግፌዋለሁ።

ሠርጉ የጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ ነው። አፉ በይኝ ለማለት ፊት የለኝም፤ ግን እልሻለሁ፣ አፉ በይኝ። ካልመጣሽ አልቀየምሽም። ለሰሀር ስል ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን እወጣና ፓውዛዋን ወደ ማሳው እሰቅላታለሁ፤ ትንኝ ሁለተኛ እህትሽን አያስለቅስም። ከመጣሽ ግን ቦታሽ መሰላሉ ላይ ነው፣ ማንም አልወጣበትም።

ታች ቆማ መሰላሉን ጠበቅ አድርጋ የምትይዝልሽ፣
ፈሪሃ