የአረጋውያን ማኅበሩ ታናሽ

ዓርብ፣ ጥቅምት 6 ቀን 1963

ጺሜን ተላጨሁ። ሱሪዬን ተኮስኩ። የምሄድበት የለም፤ ግን ተኮስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሙሉነህ መጣ። ጡረተኛው ሻምበል። ወረቀት ይዟል። «የአረጋውያን መረዳጃ ማኅበር ካቋቋምን ሁለት ዓመት ሆነን፤ ለምን አትገባም?» አረጋዊ ማነው? እኔ? «ለታመመ የሚጠይቅ፣ ለሞተ የሚቀብር ሰው ያስፈልጋል» አለ። እኔ መች ሞትኩ! አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ከዚያ መስታወት ፊት ቆምኩ። የቀሩኝን ጥርሶች ቆጠርኩ። ማሰቡን እዚያው ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 17

ወባ። አራት ቀን ሙሉ አልጋ ላይ። ማን አንኳኳ? ማንም። ባለቤቴ ብርቱካን ካረፈች ሦስት ዓመቷ… እሷ ብትኖር በግድ ሾርባ ታጠጣኝ ነበር። እኔም እነጫነጭ ነበር።

ዛሬ አብዱባ መጣ፤ ከገጠር ወተት የሚያመጣልኝ የቦረና ሽማግሌ። «አካም? ናጋ? ሁለት ቀን መጣሁ፣ በሩ ዝግ። ይኼ ሰውዬ ሞተ አልኩ።»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ገና አልሸተትክም» አለኝ።

ሳቅሁ። ሲሄድ ግን ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ፈራሁ። እሑድ ማኅበሩ ጋ እሄዳለሁ። ለማየት ያህል ብቻ።

እሑድ፣ ጥቅምት 22

ስብሰባው ወይዘሮ ሐረገወይን ቤት ነበር። ባሏ የመቶ አለቃ ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል። ደህናውን ኮቴን ለበስኩ። ለማኅበሩ ክብር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

ሙሉነህ መዝገቡን ገለጠ። «ዕድሜ?»

ሐረገወይን ትሰማለች። «ሃምሳ ሰባት» አልኩ፤ ወረቀቴ የሚለውን። ወረቀቱ ውሸታም ነው። የዋሸሁትም እኔው ነኝ። ዕድሜ ልኬን መዝገብ ቤት ስሠራ የሰው ፋይል ነክቼ አላውቅም። የጡረታው ሕግ ሲመጣ ግን ቶሎ ከሥራ እንዳያስወጡኝ ከራሴ ላይ ሰባት ዓመት ቀነስኩ። ያኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ከመቀመጤ ከአባላቱ አንዱ፣ ሥዩም፣ ብድግ አለ። ጆግና ማስታጠቢያ አስታቀፈኝ። «ምንድን ነው?» ብለው… ለካ በመዝገቡ ታናሽ የሆነው ነው የሁሉንም እጅ የሚያስታጥበው፤ ሌላው በልቶ እስኪጨርስም አይቀመጥም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅሁህ!» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ።

አሥራ አንድ ሰው አስታጠብኩ። ከወባ በተነሣ ወገቤ። ሙሉነህ በመዝገብ ስልሳ አንድ ነው። «ጎሽ የኔ ልጅ! እደግ!» አለኝ። በስልሳ አራት ዓመቴ ወዴት ነው የማድገው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24

ወገቤ አልተቃናም። ልተወው? ማኅበር ለማረፊያ እንጂ… በዚህ ዕድሜ አሽከር ልቀጠር?

እውነቱን ብናገርስ? ሥዩምም ያፍር፣ ሙሉነህም። ግን ሐረገወይን ትሰማለች። ውሸታም ትለኛለች። ከዚያ የባሰ፣ ሽማግሌ ትለኛለች።

አሁን ሙሉነህ በደጄ ሲያልፍ፣ «ታናሹ! አለህ?» ብሎ ጮኸ። «አለሁ!» አልኩ። ካለፈ በኋላ ነው ልቤ የተነካው። አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው መቼ ነበር?

እሄዳለሁ። ግን እናገራለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 6

ተናገርኩ። ጆጉን መሬት አስቀመጥኩና፣ «ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። ሰባት ዓመት ዋሽቻለሁ» አልኩ። ወደ ሐረገወይን አላየሁም።

ሙሉነህ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እኔም… ትንሽ ነካክቼዋለሁ።» ስንት? «ዘጠኝ።» ሥዩም ስምንት። ከወዲያ ጥግ ያለው አሥር! እኔ ብቻዬን ኃጢአተኛ መስሎኝ ስቃጠል የከረምኩት!

ታዲያ ታናሹ ማነው? አሁን ሁሉም አሮጌ ነኝ ባይ ሆነ። አንዱ ሲምል ሌላው ይስቃል። «ለምን አብዱባን አንጠይቅም?» አለች ሐረገወይን። ወተት ሊሰጣት መጥቶ ደጅ ቁጭ ብሏል። ቦረና በገዳ ይቆጥራል፤ ስምንት ዓመት አንድ ገዳ። ማን በየትኛው አባ ገዳ ዘመን፣ ምን መስሎ እዚህ ነገሌ እንደገባ አይረሳም።

አንድ በአንድ አየን። «ሙሉነህ ሲመጣ ሽበት አለው። ሥዩም ሲመጣ ልጁ ፍየል ይጠብቃል።» ሁሉንም ጨረሰና ወደ እኔ ዞረ። እኔ ከጣልያን በፊት ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ ተስፋ ነበረኝ። «ይኼ ቀድሞ መጣ። ግን ጺም የለውም። ሚስት ስጡኝ እያለ ይዞራል።»

በጣቱ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ። ታናሹ እኔው። ጆጉን አነሣሁ። ሥዩምን ከሳቅ ብዛት ትን አለው።

ስንወጣ ሐረገወይንን ይቅርታ ጠየቅኋት። «ስልሳ አራት ነዎት?» አለች። አዎ አልኩ።

«እኔ እኮ ሰባ ያለፈዎት ነበር የመሰለኝ።»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 4

ማኅበሩን የማስተናገድ ተራው የእኔ ነበር። ቤቱን ሁለት ቀን ጠረግሁ። ጾም ስለሆነ ሐረገወይን ሽሮ ሠርታ አመጣች። ወንበር አልበቃም፤ አራቱ አልጋዬ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አልጋው ጮኸ።

እንደ ልማዴ ጆጉን ላነሣ ስል ሙሉነህ ቀማኝ። «ዛሬ ቁጭ በል።» ደንብ ነው አሉ፤ የዕለቱን ባለቤት የሚያስታጥበው ታላቁ ነው። ሰባ ዓመቱ፣ ሻምበል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል። ግማሹን እጄ ላይ አፈሰሰ፣ ግማሹን እጅጌዬ ውስጥ።

ብርቱካን ከሞተች ወዲህ ሰው ውሃ አፍስሶልኝ አያውቅም። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ እጄ እያፈሰስኩ ሌላውን ስታጠብ ኖሬአለሁ። አላስተዋልኩትም ነበር…

«ምን ሆንክ?» አለኝ ሙሉነህ።

«ውሃው ቀዘቀዘኝ» ብዬ ተነጫነጭኩ።

ለብ ያለ ነበር።