ኳሳቸውን ቤታቸው የሚበሱት የአቶ ዳልጮ ኦልታዬ የሕይወት ታሪክ

በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው የአቶ ዳልጮ ባለቤት አገርነሽ ናት። ልጆቹ ኮምፒዩተር ቤት አስተይበው ያመጡትን አስነብባ አልተቀበለችውም። "በትርፍ ጊዜያቸው ቦሊንግ መጫወት ያዘወትሩ ነበር" ይላል። ትርፍ ጊዜ! አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቤቷ ውስጥ የቦሊንግ ኳስ ሲበሳ የኖረች ሴት ይህን ሰምታ ዝም አትልም። የተማረችው አራተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ቢሆንም አርባ ዓመት አብራቸው ኖራለችና የሚጻፈውን ታውቃለች።

አቶ ዳልጮ ከአባታቸው ከአቶ ኦልታዬ ባልቻ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ልክነሽ ጋጋ በ1952 ዓ.ም. ጨንቻ ተወለዱ። አባታቸው ሸማኔ ነበሩ። ሸማኔ ማግ የሚያሳልፍበትን መወርወሪያ ለገዛ እጁ አስተካክሎ ነው የሚሠራው፤ አቶ ዳልጮም ገና በልጅነታቸው የራሳቸውን ጠርበው ሽመና ጀመሩ። በኋላ ለመጣው ጣጣ ሁሉ ሥሩ ይሄ ነው። እዚያው ጨንቻ እስከ አሥረኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1973 ዓ.ም. ወደ አርባምንጭ ወርደው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ በመሆን ጡረታ እስከወጡበት ጊዜ ድረስ በቅንነት አገልግለዋል። አርፍደው አያውቁም፤ ይህ ይመስከርላቸው። በ1977 ዓ.ም. ከአገርነሽ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ቤቲንና ካሌብን አፍርተዋል። ሥራ በሌለበት ቀን ጓሮ ባለው የሽመና ዕቃቸው ላይ ተቀምጠው ለቤተሰቡ ጋቢና ቡልኮ ይሠሩ ነበር። ከገበያ የተገዛ እዚያ ቤት አይገባም።

በ2006 ዓ.ም. አርባምንጭ ሴቻ ሰፈር ውስጥ አንድ መዝናኛ ሁለት መስመር ያለው ቦሊንግ ከፈተ። ጓደኛቸው ጅምላ ነጋዴው ረሺድ ጎትቶ ወሰዳቸው። የመዝናኛው ኳሶች ጣት የሚገባበት ቀዳዳ ግን ለእሳቸው ወፍራም አውራ ጣት አልበቃ አለ። ረሺድ ያልተበሳ ኳስ ከአዲስ አበባ አስመጣላቸው፤ "እዚያ ላቀው የሚባል ባለሙያ አለ፣ እጅህን ለክቶ በማሽን ይበሳልሃል፣ አብረን እንሂድ" ብሎም ለመናቸው። አቶ ዳልጮ የመለሱለት እስከ ዛሬ በአገርነሽ ጆሮ ውስጥ አለ፦ "የኔን ጣት ከኔ በላይ ማን ያውቀዋል? የሸማኔ ልጅ መወርወሪያ ሰው ዘንድ ያሠራል እንዴ?"

ኳሱ እንዳይንከባለል የአገርነሽ ቡሃቃ ውስጥ አስቀመጡት፤ ድሪላቸውን ሰክተው በሱት። ጥቁሩ ፍርፋሪ ከሊጥ ዕቃዋ ሳምንት ሙሉ ታጥቦ አልለቀቀም። ክፋቱ ደግሞ ልክ መሆኑ! ጣታቸው ገባ፣ ወጣ፤ በዚያው ቅዳሜ ረሺድን አሸነፉ። የመጀመሪያው ባይሳካላቸው ኖሮ ይተዉት ነበር። ከዚያ በኋላማ ማን ይመልሳቸው! የጨዋታ ጓደኞቻቸው ሁሉ እንዲበሱላቸው ኳሳቸውን አቅፈው ወደ እሷ ቤት ይመጡ ጀመር። አገርነሽ ያኔም ብላለች፣ ዛሬም ትላለች፦ ኳስ መወርወሪያ አይደለም። መወርወሪያ ካልተመቸ ከእጅ ይወድቃል፣ አንስቶ መፋቅ ነው፤ ኳስ ግን ጣት ይዞ ነው የሚሄደው። የሚያውቅ ሰው እያለ ቤት ውስጥ መብሳት እልህ እንጂ ሙያ አይባልም።

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ሌላ ኳስ አስመጡ። የአርባምንጭ ሙቀት እጃቸውን እያላበው ድሪሉ አዳለጣቸው። መላ አገኙ፤ ጨንቻ ወደ ወንድማቸው ወደ ሲላስ ቤት ወጡ። በዚያ ጉምና ብርድ ጣታቸውን ለክተው፣ ላብ የለ ምን የለ፣ ጥርት አድርገው በሱት። ቅዳሜ ወደ ሙቀቱ ሲወርዱ ጣታቸው አበጥ አለ። በብርድ የተለካ ቀዳዳ በሙቀት መች ይበቃል! በግድ አስገቡት። ሲወረውሩ ኳሱ ሄደ፤ እሳቸውም ጣታቸው እንደተቀረቀረ ተከትለውት ሄዱ።

ረሺድ በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ሲወስዳቸው አገርነሽን ለማሳፈር ቤቷ በር ላይ ቆመ። ኳሱን ከነጣቱ ጭኑ ላይ አቅፎ፣ "ዳልጮ፣ ጨንቻ ብንመልስህ እኮ ራሱ ይወጣል" እያለ ያሾፋል። ባለባጃጁ ደግሞ "እናቴ፣ ይሄ ነገር አይፈነዳም አይደል?" ብሎ ጠየቃት። በበረዶና በሳሙና ተላቀቀ። የአውራ ጣታቸው ጅማት ግን ተበጥሶ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲህ አልታጠፈም።

በማይታጠፍ አውራ ጣት መወርወሪያ አይያዝም። በተከታዩ ጥር ቤቲ ስታገባ፣ አባቷ የጀመሩላት ቡልኮ ግማሽ ላይ ቀርቶ ከገበያ ተገዛላት። አቶ ዳልጮ ለሙሽራዋ ሲያለብሷት ቀና ብለው አላዩም። አገርነሽም ያን ቀን፣ አሁንስ ተማሩ አለች በልቧ። ሰርጉ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት ቡሃቃዋ ጠፋባት። ጓሮ ዞራ ብታይ፣ ለግራ እጃቸው እየበሱ ነው!

አቶ ዳልጮ ባደረባቸው የጉበት ሕመም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነው እንኳ እጃቸውን እያዩ "አገሬ፣ ጣቴ ቀጠነ፤ ኳሱ ሊሰፋኝ ነው" ይሏት ነበር። እሷም ማንኪያውን ይዛ "መጀመሪያ ይቺን ጉረስ" ትላቸው ነበር። ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ተሰብስበዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ቀርተዋል። ምክር እንቢ ያለውን ያን እጃቸውን ጌታ በእጁ ይያዝላቸው፤ ነፍሳቸውንም ድካም በሌለበት ያሳርፍ።

ካሌብ ሲቀላ ሰፈር ሞባይል ይጠግናል፤ የሚበላው በጣቶቹ ነው። ዘንድሮ እሱም ቦሊንግ ጀምሯል። ትናንት ሳጥኑ መጥቶ ቤቱ በለቅሶ በተሞላበት ሰዓት ጠጋ ብሎ፣ "እማዬ፣ የአባዬ ድሪል እንዳይጠፋ የት ነው ያለው? ኳሴ ትንሽ ጠቦኛል" አላት። የአገርነሽ እንባ እዚያው ደረቀ። አልተቆጣችውም። ተነሥታ ድሪሉን ከነመብሻ ጫፎቹ በፎጣ ጠቀለለችና ሳጥኑ ውስጥ፣ ከአባቱ እግር ሥር አስገብታ ክዳኑን በምስማር አስመታች። የአጥቢያው መጋቢ "እህት አገርነሽ፣ ለሞተ ሰው ዕቃ አይቀበርም፤ ይሄ የእኛ እምነት አይደለም" ቢሏት፣ "መጋቢ፣ ለሟቹ መች ሆነና፣ ለቀሪው ነው" አለቻቸው። መጋቢም ካሌብን አየት አድርገው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ካሌብ ከፈለገ፣ የኳስ በሺው የላቀው ስልክ ረሺድ ዘንድ አለ፤ የአዲስ አበባ አውቶቡስም በየማለዳው ይነሣል።

ሳጥኑን ተሸክማችሁ እዚህ ያደረሳችሁ ወንድሞች፣ አገርነሽ ይቅርታ ትጠይቃችኋለች። የከበዷችሁ እሳቸው አይደሉም።